የወጋ ቢረሳ

ጋባር ሲንግ ድንጋይ ላይ ጋደም ብሏል። ሰዎቹ ከመንገድ የያዙትን ወጣት አምጥተው ፊቱ አቁመዋል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የተነሣ፣ የመንደሩ ዓይነ ስውር ኢማም ልጅ ነው። ሽፍታው ግን ዓይኑን የጣለው ክንዱ ላይ በምትሄድ ጉንዳን ላይ ነው። ትንሽ ያያታል። ከዚያ በመዳፉ ይጨፈልቃታል። ቀጥሎ የምናየው ፈረስ ነው፤ ሬሳ ጭኖ ወደ መንደር ይገባል። አባትየው ዓይኑ አያይም፤ ሰዉ ሁሉ ለምን ጸጥ እንዳለ ይጠይቃል።

ፊልሙ «ሾሌይ» ነው። ራሜሽ ሲፒ አዘጋጀው፣ ሳሊም ካንና ጃቬድ አክታር ጻፉት፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1975፣ በህንድ የነጻነት በዓል ዕለት ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገበያው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን በቦምቤይ በሚነርቫ ሲኒማ ቤት ብቻ አምስት ዓመት ሳይወርድ ታየ። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚወስድ ፊልም ነው፤ ግማሹ ቀልድ፣ ዘፈንና ፍቅር ነው። ይሁን እንጂ ያየው ሰው ሲያወራው ጭካኔውን ያስቀድማል። የኢማሙ ልጅ ሲገደል አይቻለሁ ብሎ የሚምል አይጠፋም። ያየው ግን ጉንዳኗን ነው።

የበቀል ፊልም ተመልካችን ለምን ይይዛል ሲባል ሁለት መልሶች ይቀርባሉ። አንዱ ሰው ደም ማየት ይወዳል የሚል ነው፤ ሌላው ሰው ፍትሕ ይጠማዋል የሚል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። ነገሩ ደም ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ማንንም ቢገድል ይበቃ ነበር። ፍትሕ ብቻ ቢሆን ደግሞ ፖሊስ መጥቶ ወንጀለኛውን ሲወስድ አዳራሹ በእፎይታ በተነሣ ነበር። ከሁለቱ መካከል የቀረውን ነገር አማርኛ ከሲኒማ በፊት ያውቀዋል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል። የበቀል ፊልም ጉዳይ ይህ የማስታወስ አለመመጣጠን ነው። በዳዩ በልቶ ይተኛል፤ ተበዳዩ ይቆጥራል። ፊልሙ የሚሠራው በዳዩ የረሳውን ወይም የናቀውን ነገር በተበዳዩ ፊት ቆሞ እንዲያውቅ እስኪገደድ ድረስ ተመልካቹን ማስጠበቅ ሲችል ነው። ጥይቱ ከዚያ በኋላ ቢመጣም ባይመጣም ብዙ ለውጥ የለውም።

«ሾሌይ» ይህን ጥበቃ የሚያከማቸው በአንድ ሻል ውስጥ ነው። ታኩር ባልዴቭ ሲንግ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ነው። ጋባርን ለሕያው እንዲያመጡለት ጃይና ቪሩ የሚባሉ ሁለት ሌቦች ቀጥሯል። ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ሻል ደርቦ ይታያል፤ የባለርስት ኩራት ይመስላል። የሆሊ በዓል ዕለት፣ ሰዉ ቀለም እየተረጫጨ ሲጨፍር ሽፍቶች መንደሩን ይወርራሉ። ሁለቱ ቅጥረኞች ተይዘው ሲዋረዱ ጠመንጃ ታኩር እግር ሥር ወድቆ ይታያል፤ አንሥቶ አያቀብላቸውም። በኋላ ተቆጥተው ሊሄዱበት ሲሉ ታሪኩን ይነግራቸዋል። ጋባርን በገዛ እጁ ይዞ እስር ቤት አስገብቶት ነበር። ሽፍታው አመለጠና ወደ ታኩር ቤት ሄደ። ልጆቹን፣ አንዷን ምራቱንና የልጅ ልጁን ገደለ። የቀሩት በዚያ ሰዓት ቤት ያልነበሩት ሌላዋ ምራት ራዳና አገልጋዩ ራምላል ብቻ ናቸው። ታኩር ደርሶ በከፈን የተሸፈኑትን ሬሳዎች በግቢው ተደርድረው አገኘ፤ ነፋሱ ከፈኑን እየገለጠ አንድ በአንድ አሳየው። ብቻውን ሽፍታውን ፍለጋ ጋለበ፤ ተያዘ። ጋባርም የያዙትን እጆች ቆረጣቸው። ታሪኩ ሲያልቅ ሻሉ ከትከሻው ይወድቃል። ከሥሩ ክንድ የለም።

ይህ ትዕይንት ከመካከል በኋላ የመጣ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ተመልካቹ እስከዚያ ድረስ ታኩርን በልቡ ታዝቦታል፤ ጠመንጃውን ያላነሣው ፈሪ ስለሆነ ነው፣ ወይም ለሌቦች ነፍስ ደንታ ስለሌለው ነው ብሏል። ሻሉ ሲወድቅ ተመልካቹ ራሱ ከበደሉ ተካፋይ ሆኖ ይቆጥረዋል፤ የተወጋውን ሰው ቁስል ሳያይ ፈርዶበታልና። ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ፊልሙን የሚያየው እንደ ባለዕዳ ነው። አንድ ጋሎን ቀይ ቀለም ይህን አይሠራም።

ጸሐፊዎቹ ብልሃቱን ከየት እንዳገኙት አይደብቁም፤ ሊደብቁትም አይችሉም። ጋባር በታኩር የልጅ ልጅ ላይ ጠመንጃ ሲያነጣጥርና ተኩሱ ከባቡር ድምፅ ጋር ሲቀላቀል፣ የጣሊያኑ ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «አንድ ጊዜ በምዕራብ» ፊልም ላይ ያለው ትዕይንት ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያም አንድ ቤተሰብ ግቢው ውስጥ ይፈጃል፤ የቀረው ትንሽ ልጅ ነው፤ ተኩሱም በባቡር ጩኸት ይዋጣል። የ«ሾሌይ»ው ጃይ በየምሽቱ ሃርሞኒካ መንፋቱም የዚያው ዕዳ ሳይሆን አይቀርም።

በሊዮኔ ፊልም ግን መርሳት ራሱ ሴራው ነው። ቻርልስ ብሮንሰን የሚጫወተው ሰው ስም የለውም፤ በአንገቱ ሃርሞኒካ አንጠልጥሎ ይዞራል። ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ነፍሰ ገዳይ ፍራንክ ማን እንደሆነ ደጋግሞ ይጠይቀዋል። ሰውዬው የሚመልስለት ፍራንክ የገደላቸውን ሰዎች ስም ነው። ፍራንክ ግራ ይገባዋል፤ ከገደላቸው መካከል የትኛው መጥቶ እንደሚጠይቀው አያውቅም፤ ብዙ ናቸው። በመጨረሻ ወደ ፍልሚያው የሚመጣው ለገንዘብ ወይም ለክብር ሳይሆን ማወቅ ስለፈለገ ነው። ሙዚቃው ሲነሣ የቆየው ታሪክ ይገለጣል፤ ወጣቱ ፍራንክ አንድ ልጅ ወንድሙን በትከሻው እንዲሸከም አደረገው፤ የወንድምየው አንገት ገመድ ውስጥ ነበር፤ ልጁ ሲደክመው ወንድሙ ይሞታል። ሃርሞኒካውንም በልጁ አፍ የሰካው ፍራንክ ነው። ፍራንክ ተመትቶ ሲወድቅ ሰውዬው ሃርሞኒካውን አውጥቶ በተራው አፉ ውስጥ ያደርግለታል። የፍራንክ ዓይን ያን ጊዜ ያስታውሳል። ተመልካቹ ሁለት ሰዓት ከግማሽ በላይ የጠበቀው ይህችን የዓይን ለውጥ ነው።

ሊዮኔ ይህን ሲሠራ የአሜሪካ ሲኒማ ከአንድ አሮጌ ደንብ እየወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 የተጻፈውና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የሆሊውድ የምግባር ደንብ በዘመናችን የሚፈጸም በቀልን ትክክል አስመስሎ ማሳየትን ይከለክል ነበር። በዘመናችን የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ደንቡ ላለፈው ዘመን በር ስለተወ በቀል ኮፍያውን አድርጎ፣ ፈረሱን ጭኖ ወደ ካውቦይ ፊልም ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው «ዘ ብራቫዶስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግሪጎሪ ፔክ የሚስቱን ገዳዮች ብሎ አራት ሰዎችን ያሳድዳል፤ አብዛኞቹን ከገደለ በኋላ ገዳዮቹ እነሱ እንዳልነበሩ ይረዳል። ሟቾቹ አናውቃትም ሲሉት እየረሱ ወይም እየዋሹ መስሎታል። በበቀል ፊልም ታሪክ ውስጥ እንደዚህ የሚያስደነግጥ ሐሳብ ጥቂት ነው።

ደንቡ በ1968 ቀረ። ከስድስት ዓመት በኋላ ያው ብሮንሰን በዘመናዊቷ ኒውዮርክ መሣሪያ ይዞ ወጣ። በ«ዴዝ ዊሽ» የሚጫወተው አርክቴክት ሚስቱ ተገድላ፣ ልጁ ተደፍራ ማታ ማታ ዘራፊዎችን እየጠበቀ ይገድላል። የከተማዋ ሕዝብ በወንጀል ተማሮ ስለነበር አዳራሹ አጨበጨበ። ፊልሙ ገንዘብ አመጣ፤ ተከታታዮችም ወለደ። ሆኖም አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ሰውዬው ቤቱን ያፈረሱትን ሰዎች ፈጽሞ አያገኛቸውም። የሚገድላቸው ሁሉ ለምን እንደሞቱ ሳያውቁ ይሞታሉ። ልቦለዱን የጻፈው ብራያን ጋርፊልድ በፊልሙ አዝኖ ነበር፤ ሌላ መጽሐፍ መልስ አድርጎ ጽፏል። ማዘኑ የሚገርም አይደለም። የፊልሙ ጉልበት ከፍርሃት የሚመነጭ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ፊት አይለይም። በቀል ግን ፊት ይለያል። «ዴዝ ዊሽ» ሲያልቅ ሌላ ሰው መግደል የሚቻል ሆኖ ይቀራል፤ ሊዘጋ የሚችል ሒሳብ አልተከፈተምና።

እንግዲህ ወደ ህንድ እንመለስ። «ሾሌይ» በሳንሱር ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገብታ ነበር። ኢንድራ ጋንዲ አዋጁን ያስነገሩት እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1975 ነው፤ ፊልሙ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ወጣ። ተቃዋሚዎች ታስረዋል፣ ጋዜጦች በሳንሱር ተይዘዋል፣ የዜጎች መብት ታግዷል። ሳንሱሩ ያየው የመጨረሻ ትዕይንት እንዲህ ነበር። ጃይ ሞቷል። ቪሩ ጋባርን አንቆ ሊገድለው ሲል ታኩር ደርሶ ያስቆመዋል፤ ለሕያው ልታመጣልኝ ነው የተዋዋልነው ይለዋል። ከዚያ እጅ የሌለው ሰው ሽፍታውን በእግሩ ይገጥመዋል። ለዚሁ ቀን ብሎ ራምላል ጫማው ሥር ሚስማር መትቶለታል። ይረግጠዋል፣ ይጥለዋል፣ በመጨረሻም ከምሰሶ ከወጣ ሚስማር ላይ ገፍቶ ይገድለዋል። ሲጨርስ ይንበረከክና ያለቅሳል።

ሳንሱሩ አይሆንም አለ። የፖሊስ መኮንን የነበረ ሰው ሕግን በእጁ አይወስድም ተባለ፤ እጅ በሌለው ሰው ላይ የተነገረ መሆኑን ማንም ያስተዋለ አይመስልም። መጨረሻው እንደገና ተቀረጸ። በአዲሱ ቅጂ ታኩር ሊገድለው ሲል ፖሊሶች ይደርሳሉ፤ ቅጣት የሕግ ሥራ እንደሆነ ይነግሩታል፤ ጋባር ይታሰራል። የጫማው ሚስማር የሚመታበት ትዕይንትና የኢማሙ ልጅ አገዳደልም በዚያው ወጡ። ጉንዳኗ ብቻዋን የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ሳንሱር ሳያስበው ፊልም አሻሻለ የሚባልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ ግን አንዱ ይመስላል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። የመጀመሪያው፣ ፊልሙ ሞቱ ተቆርጦበትም ሠርቷል። ሕዝቡ አምስት ዓመት የተሰለፈው ሽፍታው በማይሞትበት ቅጂ ላይ ነው። ታኩር የፈለገውን ካገኘ በኋላ ነዋ ፖሊስ የመጣው። እጁን የቆረጠው ሰው እጅ የሌለውን ሰው ከመሬት ሆኖ ቀና ብሎ አይቶታል፤ ያቺ እይታ አልተቆረጠችም። ሁለተኛው ይበልጥ ያስቆጫል። ሳንሱሩ በቀልን እንዳያወድስ ብሎ የቆረጠው፣ በፊልሙ ውስጥ በቀል ባዶ መሆኑን የሚያሳየውን ብቸኛ ቦታ ነው። የታኩር ልቅሶ ከጋባር ሞት ጋር አብሮ ሄደ። በተፈቀደው ቅጂ ያለው ታኩር የረካ ሰው ነው፤ መንግሥትም ሥራውን የሠራ መንግሥት ነው። በተከለከለው ቅጂ ያለው ታኩር ግን ጠላቱን ከገደለ በኋላ የሚሠራው የሌለው፣ እንባውን የሚጠርግበት እጅ የሌለው ሽማግሌ ነው። ለወጣት ተመልካች የቱ ይሻለው እንደነበር ለመፍረድ የሳንሱር ኮሚቴ መሆን አያስፈልግም። ዜጎችን ያለ ፍርድ ያሰረ መንግሥት በሲኒማ ሕግን ለማስከበር ይህን ያህል መጨነቁም ሳይነሣ የሚታለፍ አይደለም።

በነገራችን ላይ ጋባር ራሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ተወዳጅ ሆነ። የፊልሙ ንግግሮች በሸክላ ታትመው ተሸጡ፤ የሽፍታው ዐረፍተ ነገሮች በየሻይ ቤቱ ተደጋገሙ፤ ተዋናዩ አምጃድ ካን በጋባር መልክ ብስኩት አስተዋወቀ። የረሳው ማነው ታዲያ?

የህንድ ፊልም ለኢትዮጵያ ተመልካች ሩቅ አይደለም። በሲኒማ ቤት፣ ኋላም በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ቋንቋውን ሳያውቅ ያለቀሰበት ትውልድ ዛሬ ዋሽንግተንም ሪያድም አለ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ «አክተሩ» ይለው ነበር፤ አክተር ደግሞ አይሞትም። ይሁን እንጂ በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው የበቀልን ቋንቋ ከፊልም አልተማረም። አማርኛ ደም መመለስ ይላል፤ ተበድሮ እንደሚመለስ ዕዳ። ደም ማድረቅም ይላል፤ እንደሚጠግግ ቁስል። ሁለቱ ቃላት አንድ መንደር ውስጥ አብረው ኖረዋል። በቀድሞው የአገሪቱ ሥርዐት ገዳይ ተፈርዶበት ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ መግደልም በካሳ መማርም የእነሱ ፋንታ ነበር፤ ካህናትና ሽማግሌዎች በዚያች ጠባብ ጊዜ መካከል ገብተው ይለምኑ ነበር። ልመናው ደግሞ ከባዶ አይነሣም። ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጥፋቱን አምኖ መቅረብ አለበት። ሳያምን የሚታረቅ የለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሚሸል ፓፓታኪስ የሠራው፣ ስሙም ዛሬ ለአገር ቤቱ የፊልም ሽልማት የተሰጠው «ጉማ» ርእሱን የወሰደው ከዚሁ የደም ካሳ ሥርዐት ነው።

ይህ ሁሉ ከስክሪን ውጭም ሆኗል። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በአትላንታ አንድ ሆቴል የምትሠራ ኢትዮጵያዊት በዚያው ሆቴል ከሚሠሩት መካከል አንድ ሰው ዐወቀች። ሰውዬው በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ ነበር፤ እሷም በዚያ ዘመን ከተገረፉት አንዷ ነበረች። ለሲኒማ የተመቸ ነው፤ አንድ የሥራ ልብስ፣ አንድ መተላለፊያ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ዝምታ። ፊልም ቢሆን ኖሮ ቀጣዩን ማንም መጻፍ ይችላል። ሦስት ሴቶች ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ከሰሱት። እሱ ካደ። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ወሰነ፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። በመካከሉ፣ በ1995፣ ሰውዬው የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። ከአገር የወጣው በ2006 ነው፤ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ወደነበረችው ኢትዮጵያ ተመለሰ።

እነዚህን ዓመታት የሚቆጥር ሰው ሰላማዊና ሕግ አክባሪ ሆኖ ሳለ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት የበቀል ፊልም ለምን እንደሚያይ ይገባዋል። ፊልሙ አሥራ ስድስት ዓመቱን ወደ አንድ ምሽት ያሳጥርለታል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍርድ ቤት ሊያስገድደው ያልቻለውን ያስገድድለታል። ዳኛ ካሳ ይወስናል፣ ያስራል፣ ያባርራል። የካደን ሰው እንዲያስታውስ ማዘዝ ግን አይችልም። ፍራንክ አፉ ውስጥ ሃርሞኒካ ይዞ ያስታውሳል፤ ጋባር ከጫማ ሥር ሆኖ ቀና ይላል። ሦስቱ ሴቶች ያደረጉት ግን የሆነባቸውን ነገር በራሳቸው አፍ በፍርድ ቤት መናገር፣ በመዝገብም ላይ ማስፈር ነው።

በ2025 ክረምት «ሾሌይ» በሃምሳኛ ዓመቱ ታድሶ፣ የተከለከለው መጨረሻ ተመልሶለት፣ በጣሊያን ቦሎኛ በአሮጌ ፊልሞች ፌስቲቫል ላይ ታየ። ታኩርም በአደባባይ አለቀሰ።